ከነጓዛችን ወደ ቁልቢ፦ ስለ ባቡርና ስለ ሸክም ጥያቄና መልስ

እንደምን ዋላችሁ። በድሮው ባቡር ድሬዳዋ ላይ ሻንጣ ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። አሁን ጅማ ነኝ፣ ባቡር በሌለበት አገር። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል፣ እስከ ድሬዳዋ በባቡር የምትሄዱ ትልልቅ ሰዎች ስለ ጓዝ እየደጋገማችሁ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ እንጨርሰው። ጠያቂዎቹን በጅማ ሰፈራቸው ነው የምጠራቸው። አስቀድሜ ልናገር፦ ብቻችሁን ከመሬት እስከ ወገባችሁ ማንሳት ያቃታችሁን ዕቃ አትያዙ። ክፈሉት።

ከመንቲና፦ ጋሼ፣ ባቡሩን አዲስ አበባ የት ነው የምንይዘው? ልጄ ለገሃር ነው ይለኛል።

መልስ፦ ልጅዎ የኔን ዘመን ነው የሚያወራው። ለገሃር የድሮው ነው፤ ስሙም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያው ፉሪ ለቡ ነው። ይሄ ለጅማ ሰው ይመቻል። አውቶቡሱ በሰበታ፣ በአለም ገና አድርጎ ነው አየር ጤና የሚገባው፤ ለቡ ከዚያ ሩቅ አይደለም። መርካቶ ድረስ ሄዳችሁ ሸክም ይዛችሁ አትመለሱ። በደረሳችሁበት ቀንም ባቡር ልያዝ አትበሉ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥታችኋል፣ የግቤን ቁልቁለትና ዳገት ጨምሮ። ዘመድ ቤት እደሩ።

ከአጂፕ፦ ትኬቱ ስንት ነው?

መልስ፦ ትኬት ቢሮ።

ከቆጪ፦ ጋሼ፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል። አንድ ጆንያ ቡና፣ 10 ሊትር ማር በጀሪካን፣ ለድሬ ዘመዶች ሦስት በርጩማ፣ ለስለት ደግሞ ጧፍ አለን። እንዴት እንሰረው?

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ!

ከማሩ እንጀምር። ማር ከውሃ ይከብዳል። 10 ሊትሩ 14 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ5 ሊትር ሁለት ጀሪካን ላይ ይገልብጡት፤ አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ። ያኔ ወገብ አይጣመምም። እስከ አፉ አይሙሉት። መተሐራን ሲያልፉ ሙቀቱ ማሩን ያቀጥነዋል፣ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል። ክዳኑ ሥር ፌስታል አድርገው ያጥብቁት።

ቡናውን ለሁለት ማዳበሪያ ይክፈሉት። አፉን ሲሰፉ በሁለቱ ጥግ እፍኝ እፍኝ ቡና ቋጥረው በሲባጎ ይሰሩት። ጆሮ ይሆናል፤ እጅ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ጆሮ የሌለው ማዳበሪያ ስንት ወገብ እንደበላ እኔ ነኝ የማውቀው።

የጅማ በርጩማ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ነው፤ እግሩ ከተሰበረ አለቀ። ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥመው፣ መሃሉ ጨርቅ አድርገው ይሰሩ። ሦስተኛውን አይሰሩት። በእጅ ይያዙት፤ ሰልፉ ሲረዝም እመቤት ይቀመጡበታል።

ጧፉን በወረቀት ጠቅልለው ልብስ መሃል ይክተቱት። መስኮት አጠገብ እንዳያስቀምጡ! አንዲት እናት 40 ጧፍ ይዘው ድሬ ሲደርሱ አንድ ወፍራም ግንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እሳቸው ሲያለቅሱ፣ እኔ በቢላ ስለይ።

ሲያነሱ ጉልበት ይታጠፍ እንጂ ወገብ አይጎንበስ። ዕቃው ደረት ላይ ይጠጋ። መዞር ሲፈልጉ በእግር ይዙሩ።

ከጅሬን፦ ጆንያ ቡና ኬላ ላይ አያስቆምም?

ከቆጪ፦ ለዘመድ የሚሰጥ ነው እኮ!

ከጅሬን፦ ኬላው ዘመዶችህን ያውቃቸዋል?

ከአጂፕ፦ ቡና ተዉና ማሩን ብቻ ውሰዱ። የድሬ ሰው ቡና አጥቶ ያውቃል? ሐረር አጠገቡ ነው።

ከቆጪ፦ የጅማን ከሐረር ጋር ልታወዳድር ነው?

መልስ፦ የኬላውን ሳትነሱ ጠይቁ። የቡና ክርክራችሁን ሌላ ቦታ ውሰዱት። እኔ የማውቀው ክብደት ነው።

ከሂርማታ፦ ስለ ባቡር ጉዞ በሰፊው ቢያብራሩልን?

መልስ፦ የቱን ልጄ? ጥያቄህ እጀታ የለውም።

ከመንቲና፦ ጎማ ያለው ሻንጣ ይሻላል?

መልስ፦ ወለል ላይ አዎ። ጠጠር ላይ ሸክም ነው።

ከመንቲና፦ ተኝቶ መሄድስ ይቻላል?

መልስ፦ ባለ6 እና ባለ4 አልጋ ክፍል ያላቸው ፉርጎዎች አሉ። ባለ6ቱ ሦስት ደርብ ነው። ትኬት ሲቆርጡ ታችኛውን አልጋ ይጠይቁ፣ አያፍሩ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ትከሻ ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይሁን፣ ከውሃና ከመታወቂያ ጋር። ጋቢም ከላይ ይሁን፤ ድሬ ሙቀት ነው፣ ቁልቢ ደጋ ነው።

ከሂርማታ፦ ትኬቱ 8:00 ካለ ስምንት ሰዓት ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው ባቡር ያመለጠው በዚህ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። እዚያው መስኮቱ ላይ ጠይቅ።

ከአጂፕ፦ 50 ኪሎ ጆንያ እንዳለ መያዝ ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ ምን አልኩ? ክፈሉት! ክፈሉት! ደንቡ ቢፈቅድ ወገብህ አይፈቅድም።

ከጅሬን፦ ጅማ ባቡር ይገባል ሲሉን አረጀን። በኢጃጂ በኩል ነው ሲባል አልነበር?

መልስ፦ ዕቅድ ነበር። ዕቅድ ላይ ጓዝ አይጫንም።

ከጅሬን፦ የድሮውስ ከአሁኑ አይሻልም ነበር?

መልስ፦ አሁን ነካኸኝ። የድሮው ሃዲድ ወርዱ 1 ሜትር ነበር፣ የአሁኑ 1.435 ነው። የአሁኑ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ይፈጥናል፣ አይንገጫገጭም። ግን የድሮው ድሬዳዋ ላይ ከዚራ፣ መሃል ከተማ ነበር የሚያወርድህ። ዕቃህን ይዘህ ጥላ ለጥላ ትሄዳለህ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት የሚቀበላችሁ ሰው ይኑር። ከሌለ ባጃጅ ነው፣ ለሁለት ሰውና ለዚህ ሁሉ ጓዝ ደግሞ አንዱ አይበቃም። ዋጋ ሳትነጋገሩ ዕቃ አትጫኑ።

ከቆጪ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ አሁን ሁለቱን ጀሪካን አንስታ ሞከረች። አንዱን ለጎረቤት ሰጥታዋለች።

መልስ፦ በርጩማዎቹስ?

ከቆጪ፦ ሁለቱን አስሬያለሁ። ሦስተኛው ላይ ተቀምጣ ታዘኛለች።