ጣቶቹን እዩ፦ የጀሶ ክፍሏ ሲስተር ትመልሳለች

ሲስተር፦ ሰላም ለቤቱ። ሃያ ስድስት ዓመት ጀሶ ክፍል ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግማሹን ዘመኔን ጀሶ ሳስር፣ ግማሹን ሌላ ሰው ያሰረውን ስፈታ ነው ያሳለፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። በስልክ የተነሣ ራጅ አትላኩልኝ፣ አላነብም። ስትጠይቁ ዕድሜውን፣ የተሰበረውን ቦታና ቀኑን ጻፉ። እስከ ማታ አለሁ።

የናቲ እናት፦ እንደምን ዋሉ ሲስተር። የሰባት ዓመት ልጄ ትናንት ከዛፍ ወድቆ ከክርኑ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ጀሶ ታስሮለት ቤት ገባን። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ፤ የታዘዘለትን ማስታገሻ ብሰጠውም አልቀነሰለትም። ጎረቤቶቼ «ጀሶ የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነው» ይሉኛል። ቀጠሮው ሰኞ ነው፤ ልጠብቅ?

ሲስተር፦ አትጠብቂ። ልጁን ይዘሽ ተነሺ፤ የቀረውን መንገድ ላይ ታነቢዋለሽ።

በደንብ የተያዘ ስብራት ሕመሙ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም። ማስታገሻ ተውጦ የሚብስ ሕመም የአጥንቱ ሳይሆን የጡንቻው ነው። የክንድ ጡንቻ የተቀመጠው በማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ ነው። ስብራቱ ሲያብጥ ውስጡ ይጨናነቃል፤ ከላይ ደግሞ ጀሶው አላፈናፍን ይለዋል። ግፊቱ ሲበረታ ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቅተዋል። ደም ያጣ ጡንቻ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ መሞት ይጀምራል፤ እንደ አጥንት ተመልሶ አይጠገንም። ጠባሳ ይሆንና ጣቶቹን ቆልምሞ ያስቀራቸዋል። ፎልክማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1881 ጽፎታል፤ እኛ ግን ዛሬም «ጀሶ እንዲህ ነው» እንላለን።

አሁን ጣቶቹን እዪ። ጥፍሩን ጫን አድርገሽ ልቀቂው፤ ከነጣ በኋላ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መቅላት አለበት። በዚህ ብቻ ግን አትጽናኚ፤ ጣቱ ቀልቶ፣ የደም ሥሩም እየመታ ውስጡ ሊሞት ይችላል። ዋናው ምርመራ ጣቶቹን አንድ በአንድ በቀስታ ቀና ማድረግ ነው። በዚያ ጊዜ ከጮኸ ወይም «ደንዝዞኛል» ካለሽ ጀሶው እስከ ቆዳው ድረስ መሰንጠቅ አለበት። ጀሶው ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ጥጥና ፋሻም ጭምር። ደም ጠጥቶ የደረቀ ጥጥ ራሱ ጀሶ ነው። ተረኛው «ቀጠሮሽ ሰኞ ነው» ቢልሽ ከበሩ እንዳትነሺ።

አንድ ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አህያ ጥሎት ነው። አባቱ በጋቢ ጠቅልሎ አቅፎት ገባ። ክንዱ በአራት የቀርከሃ ስንጥር በገመድ ተጠፍሯል፤ ከታሰረ አራተኛ ቀኑ ነው። ገመዱን በመቀስ ስቆርጥ ልጁ ምንም አላለም። ስንጥሩን ሳነሣው የቀርከሃው አንጓ ሳይቀር ቆዳው ላይ ታትሟል፤ ጣቶቹ ጠቁረው ደርቀዋል። አባቱ «ተመስገን፣ ከትናንት ወዲያ ማልቀሱን ትቷል» አለኝ። ማልቀሱን የተወው ነርቩ ስለሞተ ነበር።

ጠያቂ 3፦ ወገቤን ያመኛል። ምን ይሻለኛል?

ሲስተር፦ ዕድሜህ? ከመቼ ጀምሮ? ወደ እግርህ ይወርዳል? እነዚህን ሳትጽፍ መልስ የለኝም።

የወጌሻ ልጅ፦ ሲስተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ቀርከሃ ስትሉ ወጌሻን ሁሉ አንድ ላይ ጠቀለሉት። አባቴ አርባ ዓመት ወጌሻ ነበር። ውልቃት በእጁ ይመልሳል፣ ከማንም ገንዘብ አይጠይቅም። ሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት አገር ሰው የት ይሂድ?

ከድር፦ የወንድሜ ክንድ ከክርኑ በታች የለም። ያሰረው ሰው «ሲያም ነው የሚጠግነው» እያለ በየቀኑ ያጠብቀው ነበር። የአባትህ ደግነት ለወንድሜ እጅ አይሆነውም።

የወጌሻ ልጅ፦ ለወንድምህ አዝናለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ተጣሞ የገጠመ እግርስ የለም? መግል የሚያዥ ብረትስ?

ከድር፦ እርሱን ካርድ አውጥቼ እከስሳለሁ። ወጌሻውን በምን ልክሰሰው?

ትዕግሥት፦ ክርክሩ ስለ ሰው ሆነ እንጂ ችግሩ የአስተሳሰር ነው። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ወጌሾችን ለአጭር ጊዜ አሠልጥነው በጋንግሪን (ደም አጥቶ በሞተ ሥጋ) ምክንያት እጅ እግሩ የሚቆረጠው ሰው መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዞቹ የአጥንት ሐኪሞች መጽሔት ላይ ወጥቷል። ማሳደድ ሳይሆን ማስተማር ይሻላል።

ሲስተር፦ ትዕግሥት ጨረሰችው። ከድር፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የወጌሻው ልጅ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ በሌሊት ተረኝነቴ ከቀርከሃው የበለጠ የሰነጠቅሁት የራሳችንን ጀሶ ነው። ልዩነቱ እኛ ጋ የሚሰነጥቅ ሰው ሌሊትም መኖሩ ነው። አባትህን የሚተኩ ካሉ ሦስት ነገር ንገራቸው። ማሰሪያው ሥር ትንሿ ጣት መግባት አለባት። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ከወጣ አይነካ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ወዲያው ይላክ። ክርን ደግሞ አይታሽ! የተጎዳ ክርን ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ይበቅልና መታጠፍም መዘርጋትም እንቢ ይላል። ቅቤ ተቀብቶ፣ ታሽቶ፣ እንደ እንጨት ደርቆ የመጣ ክርን ስንት አየሁ።

ሹፌር ከአዳማ፦ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የጭን አጥንቴ ተሰብሮ ውስጡ ረዥም ብረት ገብቶልኛል። አሁን ደኅና ነኝ፣ እየነዳሁ ነው። ብረቱ ይውጣ ወይስ ይኑር?

ሲስተር፦ እንዲህ ነው ጥያቄ ማለት። ካላስቸገረህ ይኑር። አዋቂ ሰው ላይ ብረት የሚወጣው ካመመ፣ ከተነቃነቀ ወይም መግል ከያዘ ነው። ማውጣቱም ራሱን የቻለ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከወጣ በኋላ አጥንቱ በብሎኖቹ ቀዳዳ በኩል ድጋሚ ሊሰበር ይችላል።

ስለዚያ ብረት ካነሣህ አይቀር። እኔ ሥራ ስጀምር የጭን ስብራት ማለት እግር ላይ ክብደት አንጠልጥሎ ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ አልጋ ላይ መጋደም ነበር። አጥንቱ አጥሮ ይገጥማል፣ ጉልበቱ ይደርቃል፣ መቀመጫው ይቆስላል። ሉዊስ ዘርክል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይን የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ለድሃ አገሮች ብረት መላክ ጀመረ፤ ለጥቁር አንበሳም ደርሷል። ብልሃቱ ብሎኑን ቀዶ ክፍል ውስጥ ያለ ራጅ ማሽን፣ ከውጭ በሚታሰር መለኪያ ቀዳዳውን አግኝቶ ማስገባት መቻሉ ነው። ስብራቱ መግጠሙ የሚታይበትን መንገድ ደግሞ እወድደዋለሁ፦ በሽተኛው ቁጢጥ ይላል፣ ፈገግ ይላል፣ ፎቶ ይነሣል። ቁጢጥ እያለ ፊቱን ካጨማደደ ገና ነው። አንተስ ቁጢጥ ትላለህ?

ሹፌር ከአዳማ፦ እላለሁ ሲስተር፣ ጎማ ስቀይር።

ሲስተር፦ በቃ።

ሳራ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የ72 ዓመት እናቴ ከአንድ ወር በፊት የዳሌ መገጣጠሚያዋ ተቀይሯል። ቡና ካላፈላሁ፣ ካልሰገድኩ እያለች አስቸገረችን።

ሲስተር፦ ቡናዋን አትከልክሏት፣ በርጩማዋን ደብቁ። በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲሱን መገጣጠሚያ የሚያወልቀው ይህ ነው። ከፍ ያለ ወንበር፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ ጀበናውም እዚያው ላይ። ዝቅ ያለ ሶፋም አይሆንም። ስግደቱን ለጊዜው ቆማ አንገቷን ዝቅ ታድርግ፤ መቼ እንደምትንበረከክ የቀዶ ሐኪሟ ይወስን፣ መገጣጠሚያው ከፊት በኩል ይግባ ከኋላ በኩል የሚያውቀው እርሱ ነው። ባቷ ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ግን ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮ ሳትጠብቂ አምቡላንስ ጥሪ።

ጠያቂ 3፦ የእኔ ወገብ ግን ተዘለለ።

ሲስተር፦ አልተዘለለም። የጠየቅሁህን አልመለስክም።

አንዋር ከሪያድ፦ ዲስክ ተንሸራትቶ ግራ እግሬን ይነዝረኛል፤ ሦስት ሳምንቱ ነው። አንዱ ሐኪም ቀዶ አለኝ፣ ሌላው ጠብቅ አለኝ። ከቀዶ በኋላ ሽባ እሆናለሁ?

ሲስተር፦ አከርካሪ የእኔ ክፍል አይደለም፣ አጭር ነው የምመልሰው። አብዛኛው የዲስክ ሕመም ያለ ቀዶ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። ሽባነት ብርቅ ነው፤ ይልቅ ዲስኩ ተመልሶ ሊንሸራተት እንደሚችል ወይም ሕመሙ በከፊል ሊቀር እንደሚችል ጠይቅ። ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ፣ መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግርህ እየከዳህ ከሄደ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ግባ።

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦ የ12 ዓመት ተማሪዬ ጀርባው መሃል ላይ ጉብ ያለ ነገር ወጥቶበታል። ከስቷል፣ ማታ ማታ ያልበዋል፣ በዚህ ሳምንት ደግሞ ሲራመድ ይሰናከላል። ቤተሰቦቹ ጠበል ሊወስዱት ነው።

ሲስተር፦ አጭር እመልሳለሁ ያልኩትን እዚህ ላይ አፈርሳለሁ። መምህር፣ በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ይድረስ፤ ጠበሉንም ይጠጣ፣ አይጣሉም። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአከርካሪ ቲቢ ነው። እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የጻፈለት በሽታ ነው፤ እኛ ጋ ዛሬም አለ። ተህዋሱ የአከርካሪውን አጥንት ከፊት በኩል ይበላዋል፣ አጥንቱ ይደረመሳል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ መግሉና ስብራቱ ነርቩን ይጫኑታል። መሰናከሉ የዚያ ምልክት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ አለ፤ ለአጥንት ቲቢ አሥራ ሁለት ወር ነው የሚወሰደው። ገና በድካም ደረጃ የተደረሰበት እግር ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የጎበጠ ጀርባ ግን በኪኒን አይቃናም። ሪክ ሆድስ የሚባለው ሐኪም ስንቱን ወጣት ለማቃናት ወደ ጋና የላከው ለዚህ ነው፤ ከባድና ረዥም ቀዶ ሕክምና ነው። በአራተኛው ወር «ተሻለኝ» ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጠውን ልጅ አደራ በዓይንህ ጠብቀው።

ሙሉ፦ የቅልጥም ሾርባ ስብራት ያፈጥናል ይባላል?

ሲስተር፦ ይጣፍጣል። የሚያጨስ ሰው ከሆነ ሲጋራውን ያቁም፤ አጥንት የሚያዘገየው እርሱ ነው።

ደረጀ፦ ሲስተር፣ እግሬ ውስጥ ብረት አለ፣ ይውጣ ወይስ ይኑር?

ሲስተር፦ ከላይ ለሹፌሩ መልሻለሁ።

አዲስ እናት፦ የሦስት ሳምንት ልጄ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ተወለዱ። በየሳምንቱ ጀሶ ይቀየርለታል ተብያለሁ። እንዲህ ለጋ ሕፃን ላይ አይከብድም?

ሲስተር፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ይህ ደስ ብሎኝ የምሠራው ሥራ ነበር። ዘዴው የፖንሴቲ ይባላል። በየሳምንቱ እግሩ በእጅ በቀስታ ይገፋና በደረሰበት ቦታ ላይ ከጣቱ እስከ ጭኑ ጀሶ ይታሰራል። አምስት ስድስት ጊዜ ይቀየራል፤ ብዙዎቹ ላይ በመጨረሻ የተረከዝ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ይቆረጥና ረዝሞ ይገጥማል። ጡት እያጠባሽ ያሳሰርሽው ልጅ አያለቅስም።

ጣጣው ከጀሶው በኋላ ነው። በዘንግ የተያያዙ ጫማዎች ይሰጡሻል፤ ሦስት ወር በቀን ሃያ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ሌሊት ሌሊት። «ልጁ ተሠቃየ» ብላ አያት ጫማውን ታወልቅለታለች፤ እግሩም ተመልሶ ይጣመማል። ተመልሰው ሲመጡ እናቶቹን ሳይሆን አያቶቹን ነበር የምቆጣው። ጀሶው እያለም በየሰዓቱ ጣቶቹን እዪ። ካበጡ፣ ከጠቆሩ ወይም ወደ ጀሶው ውስጥ ከገቡ ሳምንት አትጠብቂ።

የናቲ እናት፦ ሲስተር፣ ሆስፒታል ነን። ጣቱን ቀና ሳደርገው ጮኸ። ተረኛው ጀሶውን ሰነጠቀለት፣ ትንሽ ሻል ብሎት ነበር፤ አሁን ግን እንደገና እያለቀሰ ነው።

ሲስተር፦ ጥጡስ ተሰንጥቋል? ቆዳው ይታይሻል?

የናቲ እናት፦ ጥጡ እንዳለ ነው።

ሲስተር፦ ስልኩን ለተረኛው ስጪው። አሁን።

ጠያቂ 3፦ ዕድሜዬ 41 ነው።

ደረጀ፦ የሹፌሩ ጭን ነው፣ የእኔ ቁርጭምጭሚት ነው። ይውጣ?

ትዕግሥት፦ ወንድሞቼ፣ ሲስተር ስልክ ላይ ናት።