ብርሃን የማይቀልበው ኮራል

አንድ የካዛንቺስ አካባቢ ነዋሪ የሚከተለውን ጽፈውልኛል፦ «200 ሊትር በሚይዘው የጨው ውሃ አኳሪየሜ ውስጥ ያለው ብርቱካናማ የፀሐይ ኮራል ከ2 ወር ወዲህ መከፈት አቁሟል፤ ሥጋውም ከአጽሙ እየሸሸ ነው። መብራት ጨመርኩለት፤ ናይትሬቱ (ከምግብ ትርፍራፊና ከቆሻሻ ብስባሽ የሚመጣው ብክለት) በሊትር 50 ሚሊግራም ስለደረሰም ምግቡን ቀነስኩ። የጨው ዱቄቱ ሲወደድብኝ የአፋር ጨው ቀላቅያለሁ። አኒሞን (አበባ የሚመስል፣ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ) ልጨምርበትም አስቤ ነበር፤ ምን ይመክሩኛል?»

ከስሙ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ይህ ኮራል፣ ማለትም ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠራ የባሕር እንስሳ፣ የፀሐይ ስም የተሰጠው በመልኩ እንጂ ፀሐይ ፈልጎ አይደለም። በገበያ የምናያቸው አብዛኞቹ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ረቂቅ አልጌ ያኖራሉ፤ አልጌውም በብርሃን ስኳር እየሠራ ይቀልባቸዋል። የእርስዎ ኮራል ግን ይህ ቀላቢ የለውም። በተፈጥሮ፣ በቀይ ባሕርም ጭምር፣ የሚገኘው በዋሻ አፍና በተንጠለጠለ ዓለት ሥር ሲሆን፣ ሞገዱ የሚያመጣለትን ጥቃቅን እንስሳ በአመዛኙ ሌሊት እያጠመደ ይበላል። ስለዚህ የጨመሩት መብራት ኮራሉን አልመገበውም፤ ሥጋው በሸሸበት አጽም ላይ አልጌ እንዲበቅል ብቻ ረዳ፤ አልጌ የያዘውን አጽም ደግሞ ሥጋው ተመልሶ ለመሸፈን ይቸገራል። መብራቱን ለዓይንዎ በሚበቃው መጠን ያደብዝዙትና ኮራሉን ከድንጋይ ጥላ ሥር ያስቀምጡት።

ምግብ መቀነስዎ ግን ከመብራቱ የከፋ ነው። እኔም በሥራው መጀመሪያ ላይ ናይትሬት ከፍ ባለ ቁጥር ምግብ እየከለከልኩ አንድ ትልቅ ኮራል አጥቻለሁ፤ የሞተው በረሃብ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እያንዳንዱ ፖሊፕ (ኮራሉን ከሚሠሩት አበባ መሰል ትንንሽ እንስሳት አንዱ) የራሱ አፍ ስላለው እያንዳንዱን ለየብቻ ማጉረስ ይገባል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ መብራቱን ያጥፉ፤ ማይሲስ ወይም አርቲሚያ (በበረዶ የሚሸጡ ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል እንስሳት) በረዶው እንዲቀልጥ ካደረጉ በኋላ ከፈሳሹ ጥቂት ጠብታ በኮራሉ አጠገብ በስርንጅ ይልቀቁ፤ ሽታው ይቀሰቅሰዋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቀው ፖሊፖቹ እጆቻቸውን ሲዘረጉ፣ የሞገድ ፓምፑን አቁመው በወረንጦ ወይም በስርንጅ ያጉርሷቸው። እንደ እርስዎ ኮራል ለረጅም ጊዜ ለተዘጋው ደግሞ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ታችኛውን ክፍል ቆርጠው እንደ ቆብ ይድፉበት፤ ምግቡንም በጠርሙሱ አፍ በኩል ይልቀቁለት። ሽታው አይበተንም፤ ዓሣና ሽሪምፕም አይሻሙትም። በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ባይከፈትም በዚያው ሰዓት መሞከርዎን አያቋርጡ። አዘውትሮ መከፈት ሲጀምር በሳምንት 3 ጊዜ ማጉረስ ይበቃዋል።

ናይትሬቱን የሚቀንሱት እንግዲህ ከኮራሉ አፍ ነጥቀው ሳይሆን የተረፈውን በማስወገድ ነው። ከመገቡ በኋላ ፍርፋሪውን በቱቦ ይሳቡ፤ ለአኳሪየሙ ከሚበቃው ከፍ ያለ አቅም ያለው ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻውን በአረፋ እየሰበሰበ የሚያወጣ መሣሪያ) ያስገቡ፤ በየሳምንቱም 40 ሊትር ውሃ ይቀይሩ። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ነገር ይለያል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሚበሰብስ ፍርፋሪ ይህን ጥቂት ኦክስጅን ስለሚሻማ፣ ፓምፑን ከ20 ደቂቃ በላይ አጥፍተው አይቆዩ፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕም በእጅዎ ይኑር። ማሞቂያውን በ25 ዲግሪ ያጽኑት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እንደሚበርድ ያውቁታል።

የአፋር ጨው ለወጥ እንጂ ለኮራል አይሆንም። ከባሕር ውሃ ጨው ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም፣ ኮራሉ አጽሙን የሚገነባበት ካልሲየምና የውሃውን ጠባይ የሚጠብቁት ማግኒዚየምና ካርቦኔት ያሉት በቀረው 15 በመቶ ውስጥ ነው። ለአኳሪየም የተዘጋጀውን ዱቄት ብቻ፣ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ሳይሆን በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በረቂቅ ወንፊት አሳልፎ በሚያጣራ መሣሪያ) በተጣራ ውሃ፣ በሊትር 35 ግራም እንዲደርስ በጥብጠው በፓምፕ እያማሰሉ አንድ ቀን ያሳድሩት። የተነነውን ውሃ ግን በተጣራ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይተኩ፤ ውሃው ሲተን ጨው እዚያው ይቀራልና። ካልሲየሙን ይለኩ፤ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም መሆን አለበት።

አኒሞኑን ለጊዜው ይተዉት። ክሎውንፊሽ የተባለው ዓሣ የሚጠለልባቸው አኒሞኖች ብርሃን የግድ ስለሚያስፈልጋቸው በዚህ ደብዛዛ አኳሪየም ውስጥ ቀስ በቀስ እየመነመኑ ይሞታሉ። ያለ ብርሃን የሚኖረው በቱቦ ውስጥ የሚቀመጠው ዓይነት ነው፤ እርሱም ቱቦውን የሚቀብርበት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ደቃቅ አሸዋ ይፈልጋል፤ ረጃጅም እጆቹም ስለሚናደፉ ከኮራልዎ ርቆ መተከል ይኖርበታል።