ከሰው ጋር ተቀያይሜ ልቁረብ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከአንድ የማኅበራችን አባል ጋር ተቀያይመን መነጋገር አቁመናል። ቁርባን በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ስለሆነ ንስሐ ገብቼ መቁረብ አልችልም? ጌታ አንድ ከሆነስ በሌላ ቤተ እምነት ብቆርብ ምን አለበት?

መልስ፦ «በእኔና በእግዚአብሔር መካከል» የሚለውን ሐዋርያው ጳውሎስ አይቀበልዎትም። ብዙዎች ስንሆን አንድ አካል የሆንነው ከአንዱ ኅብስት ስለምንካፈል ነው ይላል (1ኛ ቆሮ. 10፥17)። ከክርስቶስ ጋር የሚያዋሕድዎ ቁርባን ከተቀየሙት ሰው ጋርም ያዋሕድዎታል። «ሳይገባው የተቀበለ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የግል ርኵሰት ነው፤ በቆሮንቶስ ግን ሐዋርያውን ያስቆጣው ያላቸው ቀድመው በልተው ሲሰክሩ የሌላቸው ተርበውና አፍረው መቅረታቸው ነበር (11፥20-22)።

ስለዚህ አስቀድመው ይታረቁ። ማቴ. 5፥23-24 የሚናገረው ወንድምህ በአንተ ላይ ቅሬታ ካለው ነው፤ አንተ በእርሱ ላይ ካለህ ደግሞ ማር. 11፥25 ይቅር በል ይላል። በየትኛውም በኩል ማምለጫ የለም። ዲዳኬ የተባለችው ጥንታዊት የክርስቲያኖች የሥርዓት መጽሐፍም በምዕራፍ 14 የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ከጉባኤው እንዳይቀላቀሉ ታዛለች።

የሚሄዱት በቅዳሴው ጠዋት በር ላይ ለመጨባበጥ አይሁን፤ በጥድፊያ የተደረገ ዕርቅ ከይስሙላ አያልፍም። በሌላ ቀን ለብቻው ያግኙትና የራስዎን ጥፋት ብቻ ይናገሩ። «አንተም እኮ…» ያሉ ቀን ዕርቁ ክርክር ይሆናል። የወሰዱት ገንዘብ ካለ ይመልሱ፤ ስሙን አጥፍተው ከሆነ በሰሙት ሰዎች ፊት ያስተካክሉ። እምቢ ካለ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘው ይመለሱ (ማቴ. 18፥16)። ያም ካልሆነ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ የእርሱ እምቢታ ብቻውን እርስዎን ከቁርባን አያስቀርም፤ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ተብሏልና (ሮሜ 12፥18)። ሰውየው የሚደበድብ ወይም የሚያስፈራራ ከሆነ ግን ብቻዎን አይሂዱ፤ ይቅር ማለት ወደ አደጋ መመለስ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስ በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለፊላደልፊያ ሰዎች ሲጽፍ አንድ ሥጋ፣ አንድ ጽዋ፣ አንድ መሠዊያ፣ አንድ ኤጲስ ቆጶስ ብሎ አያይዞታል። ከአንድ መሠዊያ መቀበል የዚያን ጉባኤ እምነት «የእኔ ነው» ብሎ መመስከር ነው። አብሮ መቁረብ ወደ አንድነት ያደርሳል የሚሉ አሉ፤ ናፍቆታቸው ቅን ነው፣ ግን የሌለውን ስምምነት እንዳለ ያስመስላል። እርግጥ ልዩነት ሁሉ ማዕድ አይለይም። በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ ፖሊካርፕ ሮም ሄዶ ከኤጲስ ቆጶሱ ከአኒቄጦስ ጋር በፋሲካ አከባበር አልተስማማም፤ አኒቄጦስ ግን ቁርባኑን እንዲያቀርብ ለፖሊካርፕ ለቀቀለት። በ451 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ የመጣው መለያየት ግን የክርስቶስን ማንነት የነካ ስለሆነ በምእመናን የግል ውሳኔ የሚፈታ አይደለም። ሌላው ቤተ እምነት ቢጋብዝዎት አብረው ይጸልዩ እንደሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ተደብቀው ግን አይቁረቡ።