ጥያቄና መልስ፦ ጠፈር ላይ ብሎን ለምን አስቸገረ?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሰው ከመንኮራኩር ውጭ መሥራት ስለተማረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ናቸው። ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አሌክሲ ሊዮኖቭ ወደ መንኮራኩሩ ለመመለስ ከልብሱ አየር አስተነፈሰ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? አየሩን ማጉደሉስ አደጋ አልነበረውም?

መልስ፦ እውነት ነው፤ አደጋም ነበረው። መጋቢት 18 ቀን 1965 የሶቪየት ኅብረቱ ጠፈርተኛ ሊዮኖቭ ከመንኮራኩሩ ከቮስኾድ 2 በታሪክ የመጀመሪያው ሆኖ ወጥቶ 12 ደቂቃ ያህል ውጭ ቆየ። የልብሱ ውስጣዊ ግፊት 0.4 አትሞስፌር ነበር፤ ውጭው ደግሞ ባዶ ነው። ልብሱ እንደ ተነፋ ጎማ ተወጠረ፣ ጣቶቹ ከጓንቱ ጫፍ ሸሹ፣ ከመንኮራኩሩ ጋር ያሰረውን ገመድ እየጠቀለሉ መግባትም አቃተው። ስለዚህ ግፊቱን በቫልቭ ወደ 0.27 ገደማ አወረደው። ግፊት በድንገት ሲቀንስ ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ይሆናል፤ ጠላቂ ዋናተኞችን የሚያጠቃውም ይኸው ነው። ሊዮኖቭን የጠቀመው አስቀድሞ ንጹሕ ኦክስጅን ሲተነፍስ መቆየቱ ነው። በእግሩ መግባት ሲገባው በጭንቅላቱ ስለገባ፣ ከኋላው ያለውን በር ለመዝጋት ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል በሆነው መሸጋገሪያ ቱቦ ውስጥ ከነልብሱ መገልበጥ ነበረበት።

ያ ቱቦ ተነፍቶ የሚዘረጋ ነበር። ያስፈለገውም የቮስኾድ መሣሪያዎች የሚቀዘቅዙት በአየር ስለነበር ነው፤ ክፍሉን አየር አልባ ማድረግ አይቻልም። አሜሪካኖች ሁለት ሰው በሚይዘው መንኮራኩራቸው በጄሚናይ፣ ሁለቱም ጠፈርተኞች ልብሳቸውን እንደለበሱ የክፍሉን ኦክስጅን በሙሉ አስወጥተው በሩን ይከፍቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ክብደት በሌለበት ከባዱ ዕቃ ይቀላል። ታዲያ የጄሚናይ ጠፈርተኞች ቀላል ሥራ እንኳ ያንን ያህል ለምን አደከማቸው?

መልስ፦ መሬት ላይ ብሎን የምናጠብቀው በእጃችን ብቻ አይደለም፤ ክብደታችን መሬት ላይ አጣብቆ የያዘው እግራችንም ይሠራል። እዚያ ግን መፍቻውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ሰውነትዎ ወደ ግራ ይዞራል። እንዳይዞር በአንድ እጅ የሆነ ነገር ይጨብጣሉ፤ ለሥራው የሚቀረው አንድ እጅ ነው። የጨበጠው እጅም አያርፍም። የተነፋ ጓንት ጣትን ወደ ራሱ ቅርጽ ሊመልስ ስለሚታገል፣ መያዝ ማለት ያለማቋረጥ ኳስ እንደ መጭመቅ ነው።

ይህ ቶሎ ያልታየው የመጀመሪያው አሜሪካዊ ስለተሳካለት ይመስለናል። ኤድ ኋይት ሰኔ 3 ቀን 1965 ከጄሚናይ 4 ወጥቶ ኦክስጅን በሚተፋ የእጅ መሣሪያ እየተገፋ ተንሳፈፈ፤ ጋዙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቢያልቅም በገመዱ ተጠቅሞ ቆየ። ነገር ግን የሚፈታም የሚገጥምም ሥራ አልተሰጠውም ነበር። መንሳፈፍና መሥራት የተለያዩ መሆናቸው የታወቀው በዓመቱ፣ ሰኔ 5 ቀን 1966 ዩጂን ሰርናን ከጄሚናይ 9 ሲወጣ ነው። ወደ መንኮራኩሩ ኋላ ሄዶ በጀርባ የሚታዘል መንቀሳቀሻ ሞተር መልበስ ነበረበት። መያዣውም መርገጫውም በቂ አልነበረም፤ ቫልቭ ባዞረ ቁጥር አካሉ ይሸሻል፣ አካሉን ሲመልስ ይደክማል። የልብ ምቱ በደቂቃ ወደ 180 ደረሰ። ልብሱ የሚቀዘቅዘው በሚነፍስ ኦክስጅን ብቻ ስለነበር፣ ደረቱ ላይ ያለው መሣሪያ የላቡን እርጥበት ማስወገድ ተሳነው። እርጥበቱ የራስ ቁሩ መስታወት ላይ ሰፈረ፤ ሰርናን ጉም በሸፈነው መስታወት ላይ በአፍንጫው ትንሽ ቀዳዳ ጠርጎ ነበር የሚያየው። ሞተሩን ትቶ ተመለሰ። ጉም የሚከላከለው ቅባት መሬት ላይ ከበረራው በፊት ተቀብቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሊወጡ ሲሉ እዚያው እንዲቀቡ ተደረገ።

በመስከረም ወር ደግሞ ሪቻርድ ጎርደን ከጄሚናይ 11 ወጥቶ መንኮራኩሩን ሰው ከሌለው ከአጀና ሮኬት ጋር የሚያገናኝ 30 ሜትር ገመድ አሰረ። ገመዱ ታሰረ፤ ጎርደን ግን ላብ ዓይኑ ገብቶ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ ከታቀደው ብዙ ቀድሞ በ33 ደቂቃ ገደማ ገባ። ይህንኑ ሥራ በአውሮፕላን ልምምድ ያለችግር ሠርቶታል። ችግሩም እዚያ ነው፦ ወደ ላይ ተወርውሮ በሚወርድ አውሮፕላን ውስጥ ክብደት የሚጠፋው ለግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ እረፍት አለ። ድካም የሚጠራቀምበት ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ ውኃ ውስጥ መለማመድ በእርግጥ ጠፈርን ይመስላል?

መልስ፦ በከፊል። ባዝ ኦልድሪን ለጄሚናይ 12 የተለማመደው ባልቲሞር አካባቢ ባለ የማክዶኖ ትምህርት ቤት ዋና ገንዳ ውስጥ ነው። ልብሱ ላይ ክብደት የሚታሰረው በሚዛን ነው፤ ሰውየው መስመጥም፣ መንሳፈፍም፣ ወደ አንድ ጎን መገልበጥም የለበትም። ሦስተኛው ከተዘነጋ ልምምዱ ከጠፈር ይልቅ ከውኃው ጋር ትግል ይሆናል። የገንዳው ትልቁ ጥቅም ጊዜ ነው፤ ሙሉውን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለመቋረጥ መሥራት ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ያታልላል። ውኃ የሚንቀሳቀስን አካል ያዘገያል፤ ጠፈር ላይ የተገፋ ነገር የሚያቆመው እስኪያገኝ ይሄዳል። በሁለተኛ ደረጃ ልብሱ ቢንሳፈፍም ውስጡ ያለው ሰው ክብደቱ አልጠፋም፤ ሲዘቀዘቅ ደሙ ወደ ራሱ ይወርዳል።

ልምምዱ ብቻውን አልነበረም የረዳው። ኅዳር 13 ቀን 1966 ኦልድሪን ሲወጣ የሚጨብጣቸው መያዣዎች በዝተውለት ነበር። ከወገቡ ሁለት አጫጭር ማሰሪያዎች ነበሩት፤ ሁለቱን ግራና ቀኝ ካያያዘ በኋላ ሁለቱም እጁ ነጻ ይሆናል። በመንኮራኩሩ ኋላ ደግሞ ጫማውን የሚያስገባባቸው መርገጫዎች ተተክለው ነበር። በየመካከሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ እያረፈ ብሎን ፈታ፣ አጠበቀ፣ ሶኬት ነቀለ፣ ሰካ። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ቆይቶ ያለ ትንፋሽ እጥረት ተመለሰ። በጀርባ የሚታዘለው ሞተር ከዚህ በረራ ቀርቶ ነበር፤ መሠረታዊው ሥራ ሳይለመድ ሞተሩን መሞከር ፋይዳ የለውም ተብሎ። በእኛ ግምት ከፕሮግራሙ ውሳኔዎች ሁሉ ብልኅ የነበረው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የላቡስ ነገር እንዴት ተፈታ?

መልስ፦ በውኃ። ወደ ጨረቃ የተጓዙት የአፖሎ ጠፈርተኞች ከልብሱ ሥር ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ ቀጭን ቱቦ የተሰፋበት የውስጥ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ በቱቦው የሚዞረው ቀዝቃዛ ውኃ ሙቀቱን ከቆዳ ይወስዳል፣ ላቡም ይቀንሳል።

የመርገጫው ጉዳይ ግን ተመልሶ መጣ። ሰኔ 7 ቀን 1973 ፒት ኮንራድና ጆሴፍ ከርዊን የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ የሆነውን የስካይላብን የጸሐይ ክንፍ አጣብቆ የያዘ የአሉሚኒየም ቁራጭ ሊቆርጡ ወጡ። በዚያ ቦታ የተተከለ መርገጫ ስላልነበር፣ ከርዊን በረጅም ዘንግ ጫፍ ያለውን መቁረጫ ሊያስተካክል በሞከረ ቁጥር አካሉ ይንሸራተት ነበር። በመጨረሻ አጠገቡ ካለ የብረት ቀለበት ማሰሪያውን አሳልፎ አጠፈና አሳጠረው፣ ተወጥሮ ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ መቁረጫው ቁራጩን ነከሰ።