ኖርማል ነው ወይ?

በዚህ ሳምንት የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ጽንስ ከተቋረጠ በኋላ ስላሉት ቀናት ናቸው። ሁሉም ለማለት ይቻላል «ኖርማል ነው ወይ?» ብለው ነው የሚያልቁት። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

«በኪኒን ካቋረጥኩ 11 ቀኔ ነው። ደሙ ቆመ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ትናንት ዕቃ ሳነሳ ስጥል ውዬ ተመልሶ መጣ። የረጋ ደምም አየሁ። ኖርማል ነው ወይ?»

ብዙውን ጊዜ አዎ። ደሙ እንደ ቧንቧ ተዘግቶ አይቆምም። ቀነስ ይላል፣ ይጠፋል፣ ሥራ ሲበዛብሽ ደግሞ ብቅ ይላል። አብዛኞቹ ሴቶች ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይደማሉ። ጠብ ጠብ ማለቱ ግን እስከ አንድ ወር ሊሄድ ይችላል።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። በሰዓት ሁለት ትልልቅ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ እየራሰ ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ፣ ነገ ጠዋት ድረስ አትጠብቂ፤ ሂጂ። አንዲት አንባቢ የላከችልኝ ፎቶ አይረሳኝም። የሞዴስ ካርቶን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ 7፡10፣ 7፡35፣ 8፡05፣ 8፡30 ብላ ጽፋለች። በሌሊት ነው። «ብዙ ደማኝ» ብትል ኖሮ ሐኪሙ «ምን ያህል?» ይላታል። ካርቶኑን ስታሳየው ወዲያው ተነሳ።

ትኩሳትም አለ። ኪኒኑን በወሰድሽበት ቀን ብርድ ብርድ ቢልሽና ብታተኩሺ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ከ24 ሰዓት በኋላ ግን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መታየት አለብሽ። መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ማስታገሻ የማያበርደው ሕመም፣ ራስ መሳትም እንደዚያው። ለተራው ቁርጠት ከፓራሲታሞል ይልቅ ኢቡፕሮፌን ይሻላል፤ ጨጓራ ካለብሽ ግን መጀመሪያ ጠይቂ።

«ሦስት ሳምንት ሆኖኝ በሽንት ስመረመር አሁንም እርጉዝ ነሽ ይላል!»

አትደንግጪ። መመርመሪያው የሚያየው የእርግዝና ሆርሞኑን ነው። እሱ ደግሞ ከሰውነት ለመውጣት አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቸኩለሻል። ነገር ግን መጀመሪያም እምብዛም ካልደማሽ፣ ወይም ማቅለሽለሹ አሁንም ካልለቀቀሽ፣ ሳትጠብቂ ታዪ።

«የወር አበባ እስኪመጣ ድረስ አያስረግዝም ይባላል።»

ይባላል፤ ውሸት ነው። ጽንሱ ከተቋረጠ በኋላ እንቁላል ከ8 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ እንኳ ሊለቀቅ ይችላል፣ የወር አበባው ደግሞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። መሃሉን አስቢው። አብዛኞቹን የእርግዝና መከላከያዎች ጽንሱ በተቋረጠበት በዚያው ቀን መጀመር ይቻላል።

«ወደፊት መውለድ ያቅተኝ ይሆን?» ያለ ችግር በሕክምና የተካሄደ ከሆነ፣ በእሱ ምክንያት አያቅትሽም።

ቀጣዮቹን ሁለት ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ሆን ብዬ ነው።

«እፎይ ብዬ ተኛሁ። ሳላለቅስ ቀረሁ። ልቤ ደንዳና ነው እንዴ?»

«ውሳኔዬ ትክክል እንደነበር አውቃለሁ። ግን ሳህን ሳጥብ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ማንም አያውቅም።»

ለመጀመሪያዋ፦ አይደለም፣ እህቴ። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለአምስት ዓመት የተከታተለና ውጤቱ በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ከጽንስ ማቋረጥ በኋላ ከሁሉ በላይ የሚነገረው ስሜት እፎይታ ነበር። ያልመጣ እንባ ዕዳ የለበትም።

ለሁለተኛዋ፦ ማዘን ማለት መጸጸት ማለት አይደለም። ሰው ትክክል ነው ብሎ ባደረገው ነገርም ያለቅሳል። ሆርሞኑ በድንገት ሲወርድና እንቅልፍ ሲጎድል ደግሞ ይብሳል። የኔ ግምት ግን፣ አንቺን የከበደሽ «ማንም አያውቅም» ያልሽው ነው። ሁሉም ይወቅ አላልኩም። የማይፈርድብሽ፣ ምክር የማያበዛ አንድ ሰው ይበቃል። ምግብ፣ እንቅልፍና ሥራ ጠፍቶብሽ ሁለት ሳምንት ካለፈ ባለሙያ አነጋግሪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይቆጠርም፤ በዚያው ቀን ነው።

«እጮኛዬ ዝም ብላለች። ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ ቃል አትፈልግ። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ለማለትም አትቸኩል፤ አፏን እንደ መዝጋት ነው። «ልቀመጥ ወይስ ልውጣ?» ብለህ ጠይቃት፣ ያለችህንም አድርግ። ሞዴስ ግዛ። ትልቁን ግዛ፤ ትንሹ ለዚህ አይሆንም። ማታ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተህ በፎጣ ጠቅልለህ ስጣት፣ ሆዷ ላይ ታድርገው። ሌሊት «በዛብኝ» ብላ ከቀሰቀሰችህ መብራቱን አብራና ካርቶኑ ላይ ሰዓቱን ጻፍላት።