ስንጥቅ፣ ዝገትና የድንጋይ ሽበት፦ ስለ ገንዳ ዳር ኮንክሪት የጠየቃችሁኝ

ዝናቡ ካቆመ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ናቸው፤ ከገላን፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎና ከሰበታ። ጠያቂዎቹ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችና ግቢያቸው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ያሠሩ ቤተሰቦች ናቸው። ስለ ገንዳው ውሃ የጠየቀኝ የለም። ሁሉንም ያሳሰባቸው በባዶ እግር የሚረገጠው የገንዳው ዙሪያ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬ መልሻለሁ።

ገላን ውስጥ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ገንዳው ከተሠራ 4 ዓመቱ ነው። ዙሪያው ያለው ኮንክሪት ከገንዳው ማዕዘኖች ተነስቶ ወደ ውጭ ተሰነጠቀ። ግንበኛ ጠርቼ ሁለት ጊዜ በሲሚንቶ አስደፈንኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሚያዝያ ላይ ተመልሶ ተከፈተ። ሦስተኛ ላስደፍን?

አያስደፍኑ። ከጥያቄዎ ውስጥ ትልቁን ነገር የነገረኝ «ሚያዝያ» የሚለው ቃል ነው። ከአቃቂ ወደ ገላን ሲወጡ ያለው ሰፊ መሬት ጥቁር መረሬ ነው። የአካባቢው ገበሬ ጠባዩን አሳምሮ ያውቀዋል፦ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ለጤፍ ጥሩ አፈር ነው፤ ከላዩ ለሚነጠፍ ስስ ኮንክሪት ግን ፈታኝ ነው። ከመስከረም በኋላ ቀስ በቀስ እየደረቀ ይኮማተራል፣ ኮንክሪቱም አብሮ ይጎተታል። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ሲሚንቶ ደግሞ መለጠጥ ስለማይችል ወይ ከጠርዙ ይላቀቃል፣ ወይ አጠገቡ አዲስ ስንጥቅ ይወለዳል። ግንበኛዎ ሥራውን አበላሽቶ ላይሆን ይችላል። የተሰጠው ዕቃ ለዚያ ቦታ የሚሆን አልነበረም።

ከማዕዘን መነሳቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ኮንክሪት ሲደርቅም ሆነ ሲንቀሳቀስ ጭንቀቱ የሚከማቸው ወደ ውስጥ በሚገባ ማዕዘን ላይ ነው። ሲሠራ እዚያ ቦታ ላይ ማዕዘኑን በሰያፍ የሚያቋርጥ ፌሮ መጣል ወይም አስቀድሞ መስመር መቁረጥ ነበረበት። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በየ2 ሜትር ተኩሉ ወይም በየ3 ሜትሩ፣ የውፍረቱን ሩብ ያህል ጥልቀት ያለው መስመር ያስፈልገዋል። እኛ መስመሩን ካልቆረጥንለት ራሱ በፈለገበት ይቆርጠዋል።

አሁን ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ውሃውን ይከታተሉ። የጣሪያው አሸንዳ የት ነው የሚያፈሰው? አበባ የሚያጠጡት ውሃ ወደ ንጣፉ ሥር ይገባል? ገንዳው ራሱስ ያፈሳል? የመጨረሻውን በባልዲ ማወቅ ይቻላል። ባልዲ ውስጥ ከገንዳው ውሃ ይጨምሩና ገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጡት፤ የውስጡና የውጩ ውሃ እኩል ይሁን፣ ሁለቱንም ምልክት ያድርጉባቸው። ፓምፑን አጥፍተው፣ ማንም ሳይዋኝበት 24 ሰዓት ይቆዩ። ፀሐይ የሚወስደው ከሁለቱም እኩል ነው። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ ውሃው ወደ መረሬው እየገባ ነው፤ ያ ሳይቆም ዳሩን መጠገን ገንዘብ መጣል ነው።

ቀጥሎ ስንጥቁን ይለኩ። በግራና በቀኝ በእርሳስ ምልክት አድርገው ርቀቱንና ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ፤ በየወሩ ይለኩት። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ እንደሆነም ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድመው ይዩ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ከሆኑና ስፋቱ ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ መፍትሔው የሚለጠጥ ሲላንት (እንደ ጎማ የሚሳብ የስንጥቅ መሙያ) ነው። በግራይንደር ስፋቱን 1 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጎ መክፈት፣ የድሮውን ሲሚንቶ ማውጣት፣ አቧራውን ማስነፋት፣ በደንብ ማድረቅ፤ ከዚያ ከሥሩ የፎም ገመድ አስገብቶ ከላይ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ፖሊዩሪቴን ሲላንት መሙላት። የገንዳ ውሃ የሚችል መሆኑን ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ተራ ሲሊከን ኮንክሪት ላይ ቶሎ ይላጣል። ጊዜው ኅዳር ገደማ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ያኔ ስንጥቁ በጣም አልሰፋም፣ በጣምም አልጠበበም፣ ስለዚህ ሲላንቱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሄጃ ይኖረዋል።

አንዱ ወገን ተነስቶ ከሆነ ግን ሲላንት አይበቃም። ያንን ክፍል ቆርጦ ማንሳት፣ መረሬውን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ቆፍሮ ማውጣት፣ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ውሃ እያርከፈከፉ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ የድንጋይ ንጣፍና ኮንክሪት። ወጪው እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ነገር ግን እስካሁን ሁለት ጊዜ ከፍለዋል፤ ሦስተኛው የመጨረሻ ቢሆንልዎ ደስ ይለኛል። ስንጥቁ የገንዳውን ግድግዳ ራሱን ይዞ ከሆነ ግን ከማንኛውም ሥራ በፊት መሐንዲስ ይየው።

ሱሉልታ ነን። የብረት ወንበሮቹ እግር የቆመበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ዝገት ያዘ። አንድ ሰው የሽንት ቤት አሲድ ድፉበት አለን። እንድፋ?

እባካችሁ አትድፉ። ያ አሲድ ዝገቱን ከማስለቀቁ በፊት ሲሚንቶውን ይበላዋል። ዝገቱ ይሄዳል፣ በምትኩ ጠጠሩ የወጣ ሻካራ ቦታ ይቀራል፤ የልጅ ጉልበት የሚልጥ። እንዲህ የሆነ ወለል በዓይኔ አይቻለሁ፣ መመለሻ አልነበረውም። ከሁሉ በላይ አሲድና በረኪና በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ወለል ላይ፣ በአንድ ቀን አይገናኙ። ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል። የገንዳ ክሎሪን የምታስቀምጡበት ክፍል ውስጥም አሲድ አይቀመጥ። ይህን ለጽዳት ሠራተኞቻችሁ ዛሬውኑ ንገሩልኝ።

ለትንሽ የዝገት ነጥብ የሎሚ ጭማቂ አፍስሶ ሩብ ሰዓት ቆይቶ በብሩሽ መፈተግ ይበቃል። ለከረመው ኦክሳሊክ አሲድ የሚባለውን ዱቄት በውሃ በጥብጦ፣ ጓንትና መነጽር አድርጎ፣ መጀመሪያ ዳር ላይ ሞክሮ መጠቀም ነው። ሲጨርሱ በብዙ ውሃ ማጠብ። ከዚያ ለወንበሮቹ እግር ጎማ ግዙላቸው።

አንድ ነገር ግን አጣሩልኝ፦ ዝገቱ ወንበር በሌለበት ቦታ ከስንጥቅ ውስጥ እየወጣ ከሆነ የውስጡ ፌሮ ነው የዛገው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋ ያፈርሰዋል። እዚያ ማጽዳት አይረዳም፤ ተላቅቆ ያለውን ኮንክሪት ጠርቦ፣ ፌሮውን ዙሪያውን እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ፣ ፀረ ዝገት ቀብቶ በጥሩ ሞርታር መዝጋት ያስፈልጋል።

ቡራዩ። የገንዳችን ዳር በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ክረምቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ከረመ፣ ልጄም ወድቃ እጇ ተሰበረ። በምን ላጽዳው?

ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። አረንጓዴው አልጌና የድንጋይ ሽበት ነው። በደረቁ በጠንካራ መጥረጊያ ይጥረጉት፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ አድርገው ያርከፍክፉ፣ ሩብ ሰዓት ቆይተው ፈትገው ያጥቡት። እጥበቱ ወደ ገንዳውም ወደ አትክልቱም አይሂድ። ቅጠሉ የተወው ቡናማ ቀለምም በዚሁ ይደበዝዛል፣ የቀረውን ፀሐይ ያነሳዋል።

ግን ውሃ ከቆመበት በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። ንጣፉ ከገንዳው ወደ ውጭ በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መዘቅዘቅ አለበት። አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተው የት እንደሚቆም ይዩ። ከጥላው ቅርንጫፍ ጥቂቱን ማስቆረጥም ይጠቅማል። ወለሉ እንደ ሳሎን ሊሾ የለሰለሰ ከሆነ ደግሞ ሲታደስ በመጥረጊያ የተሰመረ ሻካራ ገጽ ይሠራለት። ለገንዳ ዳር ሊሾ ለሚያለሰልስ ሁሉ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ በእርጥብ እግር የሚሮጥ ልጅ ፍሬን የለውም።

ለገጣፎ። የተሰነጠቀውንና የተበላሸውን ወለል በሴራሚክ ብሸፍነውስ?

ስንጥቁ በሴራሚኩ ላይ ይወጣል፤ ሴራሚኩም ሲረጥብ ያንሸራትታል። መሬትዎ መረሬ ከሆነና በጀትዎ ትንሽ ከሆነ እኔ ኮብልስቶን እመርጣለሁ። አፈሩ ቢነሳ ድንጋዩ አብሮ ይነሳል እንጂ አይሰነጠቅም፤ የሰመጠውን ነቅሎ አስተካክሎ መልሶ መትከል ይቻላል። በመገጣጠሚያው ውሃ ስለሚያስገባ ግን ከሥሩ በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲና ትክክለኛ ዝቅዝቅታ ግድ ነው። በባዶ እግር ስለሚረገጥ ገጹ ጠፍጣፋ የሆነውን ይምረጡ።

ሰበታ። በገንዳው ከንፈርና በወለሉ መካከል የነበረውን የአንድ ጣት ክፍተት ግንበኛው «ቆሻሻ ይገባበታል» ብሎ በሲሚንቶ ሞላው። አሁን የከንፈሩ ድንጋዮች እየተነሱ ነው። ይያያዛል?

ይያያዛል። ክፍተቱ ሆን ተብሎ የተተወ ነበር። ወለሉ በቀን ፀሐይ ይለጠጣል፣ በሌሊት ብርድ ይኮማተራል፤ መሄጃ ሲያጣ የገንዳውን ከንፈር ይገፋል። ሲሚንቶው በጥንቃቄ ይውጣ፣ ለገላኑ ጠያቂ በነገርኩት የፎም ገመድና ሲላንት ይሞላ። ቆሻሻም አይገባበትም።

ሱሉልታ፣ ሌላ ጠያቂ። አዲስ ኮንክሪት ልናስነጥፍ ነው። ምን ላይ ልቁም?

አሸዋው ላይ፣ ውሃው ላይና ከተነጠፈ በኋላ ባለው ሳምንት ላይ ይቁሙ። አሸዋው ሲመጣ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ሞልተው ውሃ ጨምረው አናውጠው ያስቀምጡት፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከላይ የሚተኛው ደለል ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሠራተኞች ለመግፋት እንዲቀላቸው ውሃ ይጨምራሉ፤ ለአንድ የ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ25 ሊትር አይለፍ፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀንስ። የሱሉልታ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ኮንክሪቱ አይደርቅም ብለው አይዘናጉ፤ የደጋ ፀሐይና ነፋስ የላዩን እርጥበት ቶሎ ይመጥጣል፣ ያኔ ነው እንደ ሸረሪት ድር የሚሰነጠቀው። በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው 7 ቀን ሳይደርቅ ያቆዩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ስለሚጥል ጆንያው ላይ ላስቲክ ይደርቡ፣ የማለዳ ሥራም አይጀምሩ።

ለጥገናው ገንዳውን ባዶ እናድርገው?

የዳር ሥራ ከሆነ አያስፈልግም። በክረምት ደግሞ ፈጽሞ አታድርጉት። አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ባዶ ገንዳን ከሥሩ ወደ ላይ ሊያነሳው ይችላል። የግድ ከሆነ ጥርና የካቲት ላይ፣ ያውም ዙሪያው ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ አለመኖሩ ከታየ በኋላ።