መልስ፦ አባቴ «ማሽን ላይ እንዳታስቀምጡኝ» ይላል፤ ይህን መጻፍ ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማራቸው። አባትሽ እዚህ ጎንደር ካንሰር እየታከሙ ነው፤ ወንድሞችሽ ደግሞ «መጻፉ ሟርት ነው» ብለዋል ነው ያልሽው።

በእኔ በኩል ይጻፍ ባይ ነኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንም ሰው ሕክምናን አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይናገራል። ዛሬ በአፋቸው እምቢ ቢሉ ብዙም አያስቸግርም። ጭንቁ ራሳቸውን የሳቱ ቀን ነው። ያኔ ሐኪሙ እናንተን ይጠይቃል፤ እናንተም ኮሪደር ላይ ትጨቃጨቃላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1976 ሰው እንዲህ ያለውን ፍላጎቱን አስቀድሞ እንዲጽፍ የሚፈቅድ ሕግ ያወጣችው ወዳ አይደለም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ በሽታቸው የት እንደደረሰ በትክክል ያውቃሉ? እኛ ቤተሰብ «እንዳይደነግጥ» እያልን እንደብቃለን። ያላወቁት ነገር ላይ ሊወስኑ አይችሉም። መጀመሪያ ከሚያክማቸው ሐኪም ጋር ቁጭ ብለው ያውሩ።

ከዚያ ወረቀቱ ቀላል ነው። የማይፈልጉትን፣ ማለትም መተንፈሻ ማሽን ወይም ልብ ሲቆም ደረት መጫን፣ ይጻፉ። የሚፈልጉትንም ይጨምሩ፤ የሕመም ማስታገሻ፣ ቤታቸው መሆን፣ መቁረብ። ማሽን አልፈልግም ማለት ሞርፊንም፣ ማለትም ጠንካራውን የሕመም ማስታገሻ፣ አልፈልግም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማን ስለ እሳቸው እንደሚናገርም በስም ይጥቀሱ። ሐሳባቸውን ከለወጡ ይቀደድና ሌላ ይጻፋል።

ወንድሞችሽን ለማሳመን የንስሐ አባታቸውን ጥሪ። አንቺን ባይሰሙ እሳቸውን ይሰማሉ። ቅጂው ከሕክምና ካርዳቸው ጋር ይያያዝ፤ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ምን ይሠራል?